ክርስቲያን አጠጥቶ ሄዷል

ልደታ ኮንዶሚኒየም
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዳዊ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ልደታ ማርያም ትመስገን ደኅና ነን ልልህ ነበር፤ ግን ለመዋሸት አይደለም የምጽፍልህ።

በቴሌግራም ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለህ እንዳትስቅብኝ። ዕድሜዬን በታይፕ መኪና የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ቀን የሌለው ጽሑፍ ደብዳቤ አይባልም። ደውዬ የማልነግርህ ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ስለሆነ ነው። የእናትህ ጆሮ እንደ ድሮው ነው፤ የጠፋው ሌላው ነው። የምናወራውን ሁሉ ትሰማለች፤ ከሰማች በኋላ የሚመጣውን ደግሞ እኔ ነኝ የምችለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድምህ ክርስቲያን ሰንጋ ተራ ከሚሠራበት ሕንፃ ወድቆ ካረፈ ይኸው መንፈቅ ሊሆነው ነው። እናትህ ቀብሩ ላይ ቆማ አፈር ሲለብስ አይታለች። በማግሥቱ ግን «ክርስቲያን ምሳውን ይዞ ሄደ?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ደረቷን እየደቃች ስትጮህ ከታች ድረስ ሰው ወጣ፤ እድርተኛው ተሰብስቦ እንደገና ተላቀስን። ጥቂት ቀን ቆይታ ደግሞ ጠየቀችኝ። ደግሜ ነገርኳት። ደግሞ ጠየቀችኝ። ዳዊዬ፣ መርዶ አንድ ጊዜ ነው የሚነገረው። ለአንዲት እናት አንድን ልጅ ስንቴ ላርዳት? እሷ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የምትሰማው። በመጨረሻ «ሥራ ሄዷል» አልኳት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አሁን ያስቸገረኝ ቲማቲሙ ነው። ክርስቲያን የዘይት ጀሪካን እየቆረጠ በረንዳው ላይ የተከለውን ታውቀዋለህ፣ በቪዲዮ አሳይቶሃል። ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት አጠጥቶት ነበር የሚወጣው። እናትህ ሁሉን ስትረሳ ይህችን አልረሳችም። ከአልጋዋ ስትወርድ በቀጥታ በረንዳ ሄዳ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትከታለች። ደረቅ ከሆነ «ልጄ ቤት አላደረም እንዴ?» ትልና ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ደረጃው ነው። ባለፈው ሳምንት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጧፍ የምትሸጠዋ ሴት ባታውቃት ኖሮ የት ትደርስ እንደነበር አንድዬ ይወቅ። ስደርስ መንገደኛውን ሁሉ «ልጄን አያችሁት?» እያለች ትይዛለች።

አፈሩን እንዳላረጥብ ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እሱም አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው ደስ ሲለው ነው። ከታች በጀሪካን ማመላለስ የክርስቲያን ሥራ ነበር፤ የኔ ጉልበት አይችልም። ጆጉን ለእሷ ብሰጣት ደግሞ ማጠጣቷን ትረሳና ደጋግማ ታጠጣዋለች። አንዱ ሥሩ በስብሶ ሞቷል። ሁሉንም ነቅዬ ልጣለው ወይ? አንተ ቲማቲም ቤት ነው የምትሠራው፤ እስቲ አንድ ነገር በለኝ።

አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። ካፖርትህን ሳትለብስ እንዳትወጣ።

አክስትህ ሠርካዲስ


ሆላንድ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለእትዬ ሠርኬ፣

እንደ እርስዎ አሳምሬ ሰላምታ መደርደር አልችልበትም፤ ባሉበት ሰላምዎ ይብዛልኝ።

ደብዳቤዎን መስታወት ቤቱ ውስጥ ቲማቲሙ መሃል ቆሜ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ መልቀሜን ቀጠልኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ። የኔ መርዶ ትዝ አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በማለዳ በሬን ሲያንኳኩ፣ ጓደኛዬ ቤኪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር፤ ገና ሳይናገሩ ነው ያወቅኩት። እኔ አንድ ጊዜ ሰምቼ እስካሁን አልተነሳሁም። እማዬ ስንት ጊዜ ሰማች!

ቲማቲሙን እንዳይነቅሉት። እኩል የሆኑ ሁለት የቀለም ባልዲዎች ይፈልጉ፣ በደንብ አጥበው ያዘጋጁ። አንዱን አንዱ ውስጥ ሲከቱት ከሥር ክፍተት ይተርፋል፤ ካነሰ ድንጋይ ነገር ይደግፉበት። የታችኛው ውሃ ይይዛል፣ የላይኛው አፈር። የላይኛውን ቂጥ፣ ከይቅርታ ጋር፣ በጋለ ሚስማር ይበሳሱት። መሃሉ ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ አድርገው የተጠመዘዘ የጥጥ ጨርቅ እስከ ታች ያውርዱ፤ ሌላው ጫፉ አፈሩ ውስጥ ይቀበር። ኩራዝ ያስታውሳሉ አይደል? ክሩ ጋዙን እንደሚስበው ጨርቁ ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ አፈሩም የሚበቃውን ብቻ ይጠጣል። ከጎን በኩል የቧንቧ ቁራጭ እስከ ታች ያስገቡና ውሃውን በእሱ ይሙሉ። ከታችኛው ባልዲ ጎን ትርፉ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ አይርሱ። ውሃ በመጣ ቀን አንዴ ከሞሉት እስከሚቀጥለው ፈረቃ ያደርስዎታል። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሆናል፣ እማዬም ደረጃ አትወርድም።

አንድ ነገር ልናገር፣ አይቆጡኝ። «ሥራ ሄዷል» አይበሏት። እናቱ ናት፤ ልጇን ታልቅሰው። ዛሬ ብትረሳም ነገ ቀስ እያለ ልቧ ይይዘዋል። ውሸቱ ግን ማብቂያ የለውም።

ደግሞ እኔን ትጠይቃለች? እሁድ እሁድ ስደውል «ደኅና ነህ ልጄ» ትለኛለች፤ ስሜን ግን ከጠራችኝ ቆየች። እንዲያው ነው የጠየቅኩት።

ልጅዎ ዳዊ


ልደታ ኮንዶሚኒየም
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዳዊ፣

ገናውንም ጥምቀቱንም በሰላም አሳልፈህ ከሆነ ተመስገን። መልሴ የዘገየው ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው። አዎ፣ በስተርጅና አናጢ አደረግከኝ!

ታች የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ያለው አብዱልሃኪም፣ የክርስቲያን ጓደኛ የነበረው፣ ባልዲዎቹንም ቧንቧውንም ይዞልኝ ወጣ። ሚስማሩን ምድጃ ላይ እያጋልን ስንበሳ ቤቱ በፕላስቲክ ጭስ ታፍኖ እናትህ «ምን እያቃጠላችሁ ነው፣ የሰው ያለህ!» እያለች ነበር። የመጀመሪያው ቀን ያ ትርፍ የሚወጣበት ያልከውን ቀዳዳ ረስተን ስንሞላው፣ ጭቃው ገንፍሎ ሦስተኛ ፎቅ የአቶ አዱኛ አዲስ የታጠበ ጋቢ ላይ ወረደ። እሳቸው ደግሞ አንገታቸውን አውጥተው «ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ እኔም ልብቀል እንዴ?» አሉኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ።

ጨርቁም አስቸግሮን ነበር። መጀመሪያ የማዳበሪያ ክር ጠምዝዤ ከተትኩ፤ ላስቲክ ነውና ውሃ አይስብም፣ ችግኙ ጠወለገ። በኋላ ያረጀ ነጠላዬን ቀድጄ አስገባሁበት። እሱ ሳበ። አዳዲስ ችግኝ ተክለን ይኸው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርህ። ነጠላውን ባስገባሁ ማግሥት እናትህ ተነስታ በረንዳ ወጣች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጣቷን ከተተች፤ እርጥብ ነው። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና «ክርስቲያን አጠጥቶ ሄዷል» አለችኝ። ከዚያ ገብታ ቁርሷን በላች። ሳልለምናት ስትበላ ከግንቦት ወዲህ ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔ አዎም አላልኩ፣ አይደለምም አላልኩ። ኩሽና ገብቼ የታጠበ ድስት ደግሜ ሳጥብ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ረስታዋለች። በየጠዋቱ ትነካዋለች፣ በየጠዋቱ «አጠጥቶ ሄዷል» ትላለች። ቧንቧውን የምሞላው እሷ ሳትነቃ ነው።

ሌላ የጠየቅከኝን በሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ፤ ስልኬ ቻርጅ ጨርሷል።

አምላክ ይጠብቅህ።
አክስትህ ሠርካዲስ


ሆላንድ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሠርኬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስልክዎ እስካሁን ቻርጅ አልሞላም?

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ጥቂት ቀን ሥራ መግባት አቃተኝ። እትዬ፣ እኔ ያሠራሁዎት ባልዲ ነው እንጂ ወንድም አይደለም። አፈሩ እንዳይደርቅ ብዬ የላክሁልዎት ነገር በየጠዋቱ ክርስቲያንን እያስነሳ ሊያኖርልን ነው? እንደ እኔ ወንድሙን ያልቀበረ ሰው ምን ይበል? እኔ ሬሳውን አላየሁም፣ አፈር አላለበስኩትም። የሞተ መሆኑን የማውቀው ሰዎች ስለነገሩኝ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ እማዬ አለ ትላለች፣ እርስዎም ዝም ይላሉ።

ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ። ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። እባክዎ ሙት ዓመቱ ኮሚናል አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ቤታችን ይሁን። ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ይሰቀል፤ እማዬም መሃል ትቀመጥ። ቄሱም፣ እርስዎም፣ እኔም አጠገቧ ሆነን ይነገራት። የመርዶ ወጉ እንደዚያ አይደለም? ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ አይሰማም። እኔ እጇን ይዣት ትስማው።

የጠየቅኩዎትን ግን ይመልሱልኝ። ትጠይቀኛለች ወይ?

ዳዊ


ልደታ ኮንዶሚኒየም
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዳዊ፣

አንተ ልጅ፣ ቁጣህ ከቴሌግራሙ ቀድሞ ነው የደረሰው። ጾሙ የሰላም ይሁንልህ።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ። ከሩቅ ሆኖ እውነት እውነት ማለት አይከብድም። «ክርስቲያኔን አምጡልኝ» እያለች ፊቷን ስትቧጥጥ እጆቿን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንተ አልነበርክም። አልወቅስህም፣ እንጀራ ነው የወሰደህ፤ ግን አልነበርክም።

ካልተውከኝ እነግርሃለሁ። አትጠይቅህም። ባለፈው እሁድ ደውለህ ስልኩን ስትዘጋ «ማነው ይሄ ጨዋ ልጅ? እናቱን እግዜር ይባርካት» አለችኝ። ዳዊ ነው እኮ፣ የራስሽ ልጅ፣ አልኳት። «ዳዊማ ርቆ ሄዷል፤ እሱ አይደውልም» አለች። ለዚህ ነበር ቻርጁ ያለቀው። አሁን ደስ አለህ?

ይቅር በለኝ። ደክሞኝ ነው።

ቲማቲሙ ቀልቷል። የመጀመሪያውን ራሷ ቀጥፋ በክርስቲያን ምሳ ዕቃ አስገብታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችለት። ምን ላድርግ? ዞር ስትልልኝ በላሁት። ማታ ምሳ ዕቃውን ከፍታ ባዶ ሆኖ ስታየው ደስታዋን ብታይ! አሁን በየቀኑ ታስቀምጥለታለች፣ በየቀኑ እበላለሁ።

ና። እንዳልከው ቤት ይሁን፣ ፎቶውንም አሳጥባለሁ። እኔም ይህን ነገር ብቻዬን መሸከም ሰልችቶኛል። ምናልባት አንተ ስትነግራት ይገባት ይሆናል።

መንገድህን ድንግል ትምራው።
አክስትህ ሠርካዲስ


ሆላንድ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሠርኬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። እግርዎን ስሜ ሳልሰናበትዎ በመውጣቴ ይማሩኝ፤ ብቆይ ኖሮ የምሄድ አልነበርኩም።

እርስዎ ተኝተው ስለነበር ያላዩትን ልንገርዎ። የደረስኩ ዕለት ሊነጋጋ ሲል እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ በረንዳ ወጣሁ። ባልዲዎቹን ሳያቸው ልቤ ተነካ፤ አሠራራቸው ከነገርኩዎትም በልጦ አገኘሁት። የውሃው ጀሪካን እዚያው ስለነበር ቧንቧውን መሙላት ጀመርኩ። ከኋላዬ የነጠላ ኮሽታ ሰማሁ። «ክርስቲያን?» አለችኝ።

ያውቃሉ፣ እኔና ክርስቲያን ከድሮም አንድ ፊት ነን። ያን ሁሉ ወር በእርስዎ ላይ የጮህኩት ሰውዬ፣ እውነት እውነት ስል የከረምኩት፣ ምን እንዳልኩ ያውቃሉ? «አቤት እማዬ» አልኳት። መጥታ አቀፈችኝ። «ከሳህ ልጄ» አለችና አንገቴን ሳመችኝ። እንደዚያ ከታቀፍኩ ስንት ዓመቴ ነው? ዳዊ ነኝ ብላት ትለቀኛለች ብዬ ፈራሁ። አልደብቅዎትም፣ ፈርቼ ነው።

ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ። የሙት ዓመቱ ዕለት ሁሉም ሰው እኔን ሲጠብቅ አይተዋል። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ወደኔ ዞሩ፤ እርስዎም በዓይንዎ «በል» አሉኝ። እማዬ ከፎቶው ሥር ተቀምጣ፣ ጥቁር የለበሰውን ሰው እያየች፣ አጠገቧ ያለችውን ሴት «የማን ነው ይሄ?» ስትል ሰማኋት። እኔ ደግሞ የእንጀራ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። «ልጄ ክርስቲያን ነው፣ እንዴት ያለ ደግ ልጅ መሰላችሁ» ብላ ለእንግዶቹ ስታሳየኝ ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔም ትሪውን ይዤ ኩሽና ገባሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ አልቻልኩም።

የሄድኩ ቀን ሻንጣዬን አይታ «ዛሬ ዕቃህ በዛ» አለችኝ። የሥራ መሣሪያ ነው አልኳት። ምሳ ዕቃውን ሰጠችኝ። ቲማቲሙን አውሮፕላን ውስጥ በላሁት። ምሳ ዕቃው እኔ ጋ ነው፤ መመለስ ሳልችል ቀረሁ።

እንዴት ናት? በፍጥነት ይጻፉልኝ።

ዳዊ


ልደታ ኮንዶሚኒየም
ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዳዊ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጾመ ፍልሰታም አልፏል። ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ ሳጠፋ ነው ክረምቱ የሄደው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከሄድክ በኋላ ደኅና ነበረች። ሌላ ምሳ ዕቃ ገዛሁላት፣ አልለየችውም። በየጠዋቱ አፈሩን ትነካለች፣ «አጠጥቶ ሄዷል» ትላለች። በሐምሌ አንድ ቀን ግን ከበረንዳ ተመልሳ ፎቶው ፊት ቆመች። ከዚያ «ሠርኬ፣ ያ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ቤቴ የመጣው ለማን ነው?» አለችኝ። «ንገሪኝ እንጂ፣ የማን ሙት ዓመት ነው ያወጣሁት?» አለች። አልነገርኳትም። ይኸው ዝምታዬ ነው ጉዱን ያመጣው።

ራሷ አሰበችው። ድሮ በደኅና ጊዜዋ ስታስብ እንደምታደርገው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። «ክርስቲያን አለ። አሁን አጠጥቶ መሄዱ ነው፣ አፈሩ እርጥብ ነው። ታዲያ ይሄ ፎቶ ማነው?» አለች። ቀና ብላ አየችው። «ዳዊዬ ነው» አለች።

ዳዊ፣ ማንም ሳያነሳላት ስምህን ጠራችው። ከስንት ዘመን በኋላ።

«መርዶዬን ደበቃችሁኝ፤ ልጄ በሰው አገር ሞቶ ደበቃችሁኝ» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ተቀመጠች። አለ፣ ደኅና ነው፣ እምልልሻለሁ አልኳት። «አታባብይኝ፣ እናቱ ነኝ» አለችኝ። በዚያ ሳምንት እሁድ ስትደውል «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ እናትህን አያሳዝንብህ» ስትልህ ግራ ገብቶህ ነበር፤ አስታወስክ? ስልኩን ዘግታ «ያ ጨዋ ልጅ ሊያጽናናኝ ደወለ» ነው ያለችኝ።

ክርስቲያንን በነገርኳት ቁጥር በማግሥቱ ትረሳው ነበር። ያንተን ግን አልረሳችም። እንጃ፣ ራሷ ስለደረሰችበት ይሆናል። ከእንቅልፏ ስትነሳ ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለህ ያደረግከውን፣ ሸሽተህ ዛፍ ላይ የወጣኸውን፣ ሁሉን እያነሳች ታለቅሳለች። ጎረቤት እየመጣ አብሯት ይቀመጣል። ሰዉ ያውቃል፣ ግን ማንም አይናገራትም። አቶ አዱኛ «ተዋት ታልቅስ፤ የልጇ እንባ ነው፣ ያለቀሰችለት ልጅ የቱም ቢሆን» አሉኝ። አልቅሳ ትበላለች፣ አልቅሳ ትተኛለች። እንዲህ ስትተኛ አይቻት አላውቅም።

አሁን የምጠይቅህ ይህ ነው። ዳዊ ሕያው ነው ብዬ ላሳምናት ከፈለግኩ ፎቶው የማን እንደሆነ መናገር አለብኝ። አንተን ላስነሳልህ ብዬ ክርስቲያንን ልገድልባት ነው። እኔ መወሰን አልቻልኩም። የሞትከው አንተ ነህና አንተ ወስን። ንገሪያት ካልከኝ እነግራታለሁ፤ እጇንም እይዛታለሁ።

አምላክ ዕድሜህን ያርዝመው።

አክስትህ ሠርካዲስ


ሆላንድ
መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሠርኬ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎት። ዓመቱ ለሁላችሁም የጤና ይሁን።

አይንገሯት።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ብዙ አስቤያለሁ፤ ቤኪንም አማክሬዋለሁ። መጀመሪያ ልነሳ፣ ልምጣ፣ ፊቷ ልቁም ብዬ ነበር። ግን መጥቼ ብቆም «ክርስቲያን» ነው የምትለኝ። ስለዚህ እኔን ታልቅሰኝ። ስሜን እየጠራች ታልቅሰኝ፤ እንባው የእሱም ነው፣ ይደርሰዋል። እሱ ደግሞ አጠጥቶ ይሂድ። እንዲህ ስል ቀልሎኝ እንዳይመስልዎት። እናቴ በቁሜ ስታለቅሰኝ ከዚህ ሆኜ መስማት እንዴት እንደሆነ ለማንም አልመኝም።

እሁድ እሁድ መደወሌን አልተውም። ለቅሶ ላይ ያለች ሴትን የሚያጽናና ሰው አይጠላም። ስለ ልጇ ስለ ዳዊ ታጫውተኝ፣ እኔም እሰማለሁ። ዛፍ ላይ የወጣሁትን እኔ እንኳ ረስቼው ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ባልዲው ውስጥ ያስገቡት ነጠላ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እርጥበት ውስጥ ይበሰብስና መሳቡን ያቆማል። ሳይቆም ይቀይሩት። ስመጣ ጥዬው የሄድኩት ነጭ ከነቴራዬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በክርስቲያን ልብሶች ሥር አለ። ንጹሕ ጥጥ ነው፣ ውሃ በደንብ ይስባል። እሱን ቀድደው ጠምዝዘው ያስገቡት። እባክዎ ዛሬውኑ ያድርጉት፤ ጠዋት ስትነሳ አፈሩ ደርቆ እንዳይጠብቃት።

ልጅዎ ዳዊ